ንጹሕ የተባለችው ነጭ መኪና

ጆሮው የሚሉት ሰው መኪና ሊያንኳኳ ሲነሳ ጋራዡ ጸጥ ይላል። መዶሻ የያዘው መዶሻውን ያስቀምጣል፤ ብየዳ ላይ ያለው ብየዳውን ያጠፋል፤ ሻይ የሚያማስለው እንኳ ማንኪያውን ከብርጭቆው ያወጣል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ክብር ያገኘው በጣቱ አንጓ ነው። ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ያደርጋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ "እዚህ ጋ ስቱኮ ጠጥታለች፤ ግንብ ገጭታ ነው" ይላል። ሻጩ ይምላል፣ ይገዘታል። ቦታው ሲፋቅ ግን ከቀለሙ ሥር የተሞላው ስቱኮ እንደ ደረቀ ሊጥ ይረግፋል።

ሥራው ባትላሜራ ነው። የተጨማደደ የመኪና አካል ቀጥቅጦ ያቀናል፤ የተቀደደውን በይዶ ይገጥማል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ ግን መኪናውን እየጎተተ መጀመሪያ እሱ ጋ ያመጣል። እሱ "ንጹሕ ናት" ካለ ንጹሕ ናት። ይቺ ቃል ከአፉ የምትወጣው እንደ ውድ እንግዳ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ሰዉ እንደ ማኅተም ነው የሚቆጥራት። ጆሮውም ይህን ያውቃል። ማወቁንም አይደብቅም። ደረቱ ከሆዱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው።

ሴት ልጁ ወፍጮ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ራሱ ነው። "እህል ኖረ አልኖረ ትዞራለች" ይላል ስለ አፏ። ወፍጮ ትምህርቷን ገና በጧቱ ትታ፣ ከጋራዡ በር አጠገብ ባለች አንዲት የስልክ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራለች። ሱቋ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ መግባት አለበት። ወፍጮ እዚያች ውስጥ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ትቀይራለች፣ ካርድ ትሸጣለች፣ የሽማግሌዎችን የተቆለፈ ስልክ ትከፍታለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሱቋ መስኮት ላይ በካርቶን የጻፈችው ማስታወቂያ አለ፤ "የመኪና ታሪክ በቁጥር እናወጣለን" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የሻንሲ ቁጥር የሚባል መለያ ይታተምበታል፤ አሥራ ሰባት የፈረንጅ ፊደልና አኃዝ የተደባለቀበት። ሰሌዳ ይነቀላል፣ ቀለም ይቀየራል፣ ባለቤት ይፈራረቃል፤ ያ ቁጥር ግን እንደ ጣት አሻራ ከመኪናዋ ጋር ይኖራል። ከመድን ቤት፣ ከጨረታ ቤት፣ ከዓመታዊ ምርመራ የተለቃቀመውን የመኪና ታሪክ ሰብስበው በኢንተርኔት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ቁጥሩን ጽፈህ፣ ትንሽ ከፍለህ፣ ትንሽ ትጠብቃለህ። መኪናዋ የት እንደተሠራች፣ ምን ያህል እንደተነዳች፣ ማን እንደገጫት ቁጭ ብላ ትናዘዝልሃለች።

ጆሮው ይህን ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል።

"ስልክሽ ላሜራ ነክቶ ያውቃል?" ይላታል።

"ያንተስ ጣት ኢንተርኔት ገብቶ ያውቃል?" ትመልሳለች።

"መኪናዋ እያለችልኝ ሐሜቷን ምን ያደርግልኛል?"

"አባዬ፣ ሐሜት እኮ አንዳንዴ እውነት ነው። አንተ ስለ ጎረቤት የምታወራው ሁሉ ውሸት ነው እንዴ?"

በዚህ ጊዜ ጋራዡ ይስቃል፤ ጆሮውም መዶሻውን አንስቶ ላሜራ ላይ ያወርዳል። መልስ ሲያጣ ላሜራ ላይ ነው የሚመልሰው።

የጆሮው ታናሽ እህት ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪዎች ደንብ ልብስ ሰፍታ ለየትምህርት ቤቱ ታደርሳለች። ከሰፊነቷ ይልቅ ተሸካሚነቷ ይበዛል። ጥቅሉን ታክሲ ላይ ስታወጣ ረዳቱ "ይሄ ሰው ነው ዕቃ?" ይላታል፤ ዞሮ ዞሮ ለጨርቁም ወንበር ትከፍላለች። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለጥቅሉ ዘርግታ እሷ ትበሰብሳለች። እንዲህ ስትል ስትል ለአንዲት አሮጌ መኪና የሚሆን አጠራቀመች። ሌላ የላትም። ያቺ ገንዘብ ከተበላች ወደ ጃንጥላው መመለስ ነው።

ችግሩ ወንድሟ ነበር። ያየቻትን መኪና ሁሉ አንኳኩቶ ይጥልባታል። አንዷ ጎርፍ ጠጥታለች፣ አንዷ ከሁለት መኪና ተቆራርጣ የተሰፋች ናት፣ አንዷ ደግሞ በሯ ሲዘጋ ድምፁ አላማረውም።

"ወንድምዓለም" አለችው በመጨረሻ፣ "እኔ ዕቃ የምጭንበት ነው የፈለግኩት። አንተ ሙሽራ ነው የምትመርጥልኝ።"

"ሙሽራማ ብትሆን ምን ገዶኝ። ሙሽራ ፍሬን ሳይዛት ቀርቶ ገደል አትከትሽም።"

"አንተ እናቴን ስታገባ አንኳኩተሃል?" ብላ ወፍጮ ከመስኮቷ ጣልቃ ገባች። የብየዳ ዘንግ ተወረወረባት።

እንግዲህ አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ቅቤው መጣ። ቅቤው የመኪና ደላላ ነው፤ ምላሱ ለስላሳ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። የተሰበረ መስታወት "ነፋስ ያስገባል" ብሎ የሚሸጥ ሰው ነው። ይዟት የመጣት ነጭ መኪና ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ፣ እንደ ሠርገኛ ታበራለች። የወፍጮ አክስት ከኋላ ወንበር ወረደችና የኋላውን መክደኛ ከፍታ ገባ ብላ አየች። ጥቅሎቿ ሁሉ ሊገቡ ነው። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ወፍጮ ከመስኮቷ ሆና አየችው፤ አክስቷ በዓይኗ ጨርቅ እየጫነች ነበር።

"እመቤቴ" አለ ቅቤው፣ "ይቺን የነዳት አንድ የታመመ መምህር ነው። ከቤቱ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ቤቱ። ዝንብ እንኳ አልገጫትም።"

"ዝንቧን እኔ እጠይቃታለሁ" አለ ጆሮው፤ ጸጥታም ወደቀ።

ከፊት ጀመረ። ኮፈኑን፣ የቀኝ በሮቹን፣ ጣሪያውን አንኳኳ። ዞሮ ወደ ግራ ጎን መጣ። እዚያ ቀለሟን በአውራ ጣቱ ዳበሳትና "ይሄ ጎን ቀለሙ አዲስ ነው" አለ።

"አጥር ጭሯት ነው፣ ጌታው" አለ ቅቤው።

ጆሮው ጎንበስ አለ። የግራውን የኋላ በር፣ ከበሩ ቀጥሎ ጎማውን ያቀፈውን አካል፣ የኋላ መብራቱን ዙሪያ እያንኳኳ ጆሮውን ለጠፈ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ፣ ከዚያ ደግሞ። ቀና ሲል ፊቱ ፈክቷል።

"ቆዳዋ ታድሷል" አለ። "አጥንቷ ግን አልተነካም። ስቱኮ የሚባል ነገር የላትም። እህቴ፣ ንጹሕ ናት።"

ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማት። አክስትየዋ ሳታስበው ወንድሟን ትከሻው ላይ ሳመችው። ቅቤው ራሱ ትንሽ የደነገጠ መሰለ፤ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

ወፍጮ ግን ከሱቋ ወጣች።

"ቁጥሯን ልይማ" አለች።

"አንቺ ደግሞ" አለ አባቷ፣ "ከተባረከ በኋላ ነው እንዴ የሚመረመረው?"

"አባዬ፣ ለዓይኔ ነው። ደስ ትላለች።"

ከፊት መስታወቱ ሥር በግራ በኩል ያለውን ቁጥር በስልኳ አነሳችው። የሾፌሩን በር ከፍታ በጠርዙ ላይ የተለጠፈውንም አነሳች። ከወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ የተቀረጸውን ለማየት ምንጣፉን ስትገልጥ ቅቤው "ልጄ፣ እዚያ አቧራ ነው፣ ቀሚስሽ" አላት።

"አይዞህ፣ አጣቢዋ እኔው ነኝ።"

ሦስቱም ቦታ ቁጥሩ አንድ ነው። ቢያንስ መኪናዋ የሌላ ሰው ስም ይዛ አልመጣችም ማለት ነው። ወፍጮ ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ ቁጥሩን ጻፈች፤ ክፍያውን ከራሷ ኪስ አደረገች፤ ጠበቀች። በስልኩ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ውጭ አክስቷ የቀብድ ወረቀት ለመፈረም የመነጽሯን ማኅደር ስትከፍት ትታያለች።

ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ታሪኩ መጣ።

የተሠራችበት ዓመት፣ ልክ። የተነዳችው መጠን፣ ልክ። ከዚያ በቀይ የተጻፈ መስመር፤ ከባድ ግጭት፣ የኋላ ግራ። መድን ቤቱ "አትጠገንም" ብሎ በጨረታ የሸጣት። ከሥሩ ፎቶ አለ። ወፍጮ ፎቶውን ከፈተች። የመኪናዋ ግራ ጎን ከኋላ በሩ ጀምሮ እንደ ተጨመቀ ቆርቆሮ ተጣጥፏል። ጎማው ወደ ውስጥ ገብቷል። የኋላ መስታወቱ የለም።

አሁን ምን ይደረጋል? ወፍጮ የምታሾፍበት ነገር ስታገኝ ዓለም የምትሞላላት ልጅ ናት። አባቷ ሰው ፊት ሲሳሳት ለማየት ስንት ቀን ተመኝታለች። ይኸው መጣላት፤ እሷ ግን ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው። ተነስታ ብትጮህ የአባቷ ቃል ከዛሬ ጀምሮ የማንም ደላላ ቃል ነው። ዝም ብትል አክስቷ ያላትን ሁሉ አራግፋ የተሰበረ ነገር ትገዛለች፤ ልጆች የሚለብሱትን ልብስ ጭና በዚያ ትነዳለች። ወፍጮ መሳቂያና መጨነቂያ በአንድ ቀን የገጠማት ያን ዕለት ነው።

"አባዬ" አለች ከመስኮቷ፣ በቀስታ፣ "አንዴ ና። ቻርጀሩ አልሠራ አለኝ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቷት ስለማያውቅ ነው መሰል መጣ። ሱቋ ውስጥ ሲገባ ሱቋ ሞላች። ስልኩን ሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ።

"ይቺ ሌላ መኪና ናት። ነጭ መኪና እንደ ጨው ነው፣ የቱ ከየቱ ይለያል።"

"ቁጥሩን እየው።"

"ቁጥር ይሳሳታል።"

"ሦስት ቦታ አንብቤዋለሁ አባዬ። ከፈለግህ አንተም አንብበው።"

ስልኩን ይዞ ወጣ። የመኪናዋን የሾፌር በር ከፍቶ ተንበረከከ። ጣቱን በበሩ ጠርዝ ላይ እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እያንዳንዱን ፊደል ከስልኩ ጋር አመሳከረ። ቅቤው "ምነው ጌታው?" አለው። ጆሮው በሩን ዘጋ። ተመልሶ ሱቋ ውስጥ ገባና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

ወፍጮ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የጣቶቹን አንጓዎች ያያቸዋል፤ የከዱት ልጆቹ ይመስል።

"ግራ ጎን" አለ። "ሦስት ጊዜ ነው ያንኳኳሁት።"

"አባዬ፣ ማንም ሰው…"

"እኔ ማንም ሰው አይደለሁም።" ቀጠለና "ማን ነው ይህን የሠራው? በዚህ ከተማ ማን አለ? እንዲህ አድርጎ የሚያቀና ሰው ካለ ሄጄ እጁን መሳም አለብኝ" አለ። "ፎቶዋን አምጪያት። አስጠጊያት።"

ወፍጮ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። ጆሮው አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ጎነበሰ። የተጣጠፈውን ላሜራ፣ ወደ ውስጥ የገባውን ጎማ፣ የበሩን እጥፋት አየ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ "ቆይ" አለ። የጎማው ማቀፊያ ጫፍ ወደ ላይ ተቀዶ እንደ ውሻ ጆሮ ቆሟል። ጆሮው ያንን ቅዳጅ በጣቱ ነካው። ከዚያ ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው። ከአውራ ጣቱ ሥር ረጅም ጠባሳ አለ።

"ይቺማ ናት የቆረጠችኝ" አለ።

"ምን?"

"ይቺ ናት የቆረጠችኝ። አውቃታለሁ። ልጄ፣ ይቺን መኪና የሠራኋት እኔ ነኝ።"

ወፍጮ ጠባሳውን ከፎቶው ጋር አስተያየች።

አንዱ ሰው ከጨረታ ገዝቶ በተጎታች አምጥቶለት ነበር፤ ጆሮው ቀስ በቀስ አስታወሰው። ሁሉም "ቆራርጠህ ሽጣት" ሲሉት እሱ እልህ ተጋባ። ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ጎን አስቆርጦ ገጠመላት፤ ስቱኮ ሳያስነካ በመዶሻ ብቻ አቀናት። ከጋራዡ ስትወጣ ያ ጎኗ በጸረ ዝገት ቀለም ግራጫ ነበር፤ ነጩን ቀለም የቀባት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ አላያትም። እሱ የሚያውቃት ቆስላ ነው። ድና ስትመጣ ከየት ያውቃታል?

"ስለዚህ" አለች ወፍጮ ቀስ እያለች፣ "ያልያዝካት ጆሮህ ከድቶህ አይደለም። የሠራት ሰው አንተው ስለሆንክ ነው።"

ጆሮው ፊቱ ላይ ሊመጣ የነበረውን ፈገግታ መልሶ ዋጠው። ወደ ውጭ ተመለከተ። እህቱ ብዕር ይዛ ትጠብቃለች። ይህን የሚያውቁት እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። መኪናዋ ደህና ናት፤ የሠራት እሱ ነው። ዝም ቢል ቃሉ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ እህቱም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ወፍጮ ይህን ሁሉ ሲያስብ ታየው ነበር። ይህንን እሱ ነው መምረጥ ያለበት።

"እውነትም እህል ሳይኖር ዞረሽ አታውቂም" አለና ተነሳ። "ነይ፣ ስልኩን ያዢው።"

በመኪናዋ ፊት ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ስሙኝ። ይቺ መኪና ንጹሕ ናት ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። ክፉኛ ተገጭታለች። መድን ቤት ጥሏት ነበር። ልጄ ናት በቁጥሯ ያገኘችው። አዲሱን ቀለም እያየሁ አለፍኩ፤ እሷ ግን አላለፈችም።"

የጋራዡ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አክስትየዋ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ጣለችው።

"አሁን ገና?" አለች። "ልፈርም ስል?"

"ሳትፈርሚ ነው ጥሩው።"

"ጌታው" አለ ቅቤው፣ "ስልክ ነገር ይሳሳታል። አንተ በጆሮህ ሰምተሃል፤ ሰዉ ሁሉ ምስክር ነው። የሕፃን ልጅ ስልክ…"

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ጋሼ" አለች ወፍጮ። ጋራዡ ፈነዳ፤ ቅቤውም እንደ መሳቅ ብሎ አንገቱን አከከ።

"ስልኩን ተወው" አለ ጆሮው። "የኋላውን ክፈት። መጠባበቂያው ስኮርታ ጎማ ከተቀመጠበት በስተግራ፣ የውስጥ ልባሱን ስትገልጡት ላሜራው ቢጫ ነው። ግራጫው ጸረ ዝገት አልቆብኝ የአንድ ሰውዬ የግቢ በር ከተቀባበት የተረፈውን ነው የቀባሁት። ቢጫ ካልሆነ፣ መኪናዋን እኔ እገዛታለሁ።"

ሁሉም ወደ ኋላ ሄደ። ቅቤው ልባሱን የሚይዙትን ቁልፎች ለማውለቅ ዳተኛ ሲሆንባቸው ወፍጮ የስልክ መክፈቻዋን አምጥታ ፈለቀቀቻቸው። ጨለማ ውስጥ መብራቷን አበራች።

ቢጫ ነው። ቁልጭ ያለ የግቢ በር ቢጫ። በዚያ ላይ የብየዳው ስፌት እንደ እህቱ የልብስ ስፌት ቀጥ ብሎ፣ ተራራቁ ተቀራረቡ ሳይባል፣ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ብየዳ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ካየው በኋላ ፉጨት አሰማ።

"ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?"

"ታዲያ እናቴ ናት?"

ቅቤው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "በልጆቼ፣ እኔም ስገዛት ንጹሕ ናት ነው ያሉኝ።"

"ማን ነው ያለህ?" አለች አክስትየዋ።

"ደላላ።"

በዚህ ጋራዡ ሳቀ፤ እሱ ራሱም።

አክስትየዋ ግን አልሳቀችም። ክንዶቿን አጣጥፋ ወንድሟ ፊት ቆማለች። "እሺ። አንተ ነህ የሠራሃት። እኔ ግን አሁን ምን ላድርግ? ልብሴን ጭኜ ስሄድ መንገድ ላይ ለሁለት ብትከፈልብኝ ስፌቱ ያምራል ብዬ ነው የምጽናናው?"

ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር። ጆሮው "አትከፈልም" ሊላት ነበር፤ ተወው።

"እኔ ስሰጣት ደህና ነበረች" አለ። "ከእኔ በኋላ ምን እንደገጠማት ግን አላውቅም። በቃል አንድ ጊዜ ዛሬ ወድቄያለሁ። አሁን በክር እንለካለን።"

መኪናዋ ወደ ውስጥ ገባች፤ በክሪክ ተነሥታ በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ ተቀመጠች። ጆሮው ከሥር ገባ፤ ወፍጮም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው። ከመኪና ወለል ሥር ፋብሪካው ራሱ የሚተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ። ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ክር ሲወጠር ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከበለጠ ወለሉ ጠምሟል ማለት ነው፤ የጠመመ መኪና ደግሞ በቀጥታ መንገድም ወደ ጎን ይጎትታል።

"አጥብቀሽ ያዢው" አለ አባቷ።

"ይዣለሁ።"

"እንደ ስልክሽ ያዢው።"

"እንደ ስልኬ ከያዝኩትማ ይበጠሳል።"

የመጀመሪያውን መስመር ለክቶ ክሩ ላይ ቋጠሮ አደረገበት። ከዚያ ክሩን ወደ ሁለተኛው መስመር አዞሩት። ወፍጮ በፊት ቀዳዳው ላይ የክሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች። እሱ ወደ ኋላ ተሳበ። ከውጭ የአክስቷ ጫማ ብቻ ይታያል፤ አንዴ በዚህ እግር አንዴ በዚያ ይቆማል። ወፍጮ የጣቷ ጫፍ እስኪነጣ ተጭናለች። ለምን እንዲህ እንደምትጫን አልገባትም። መኪናዋ የሷ አይደለችም፤ ብየዳውም የሷ አይደለም። ግን ቋጠሮው ከቀዳዳው እልፍ ወይ ቀረት ቢል ያ ከኋላ ተጋድሞ የሚሳበው ሰው ከእንግዲህ ደረቱን ነፍቶ በር እንደማይገባ ታውቃለች። ያን ደረት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሾፍበት ኖራ፣ ያለሱ ቤቱ ምን እንደሚመስል አስባ አታውቅም።

ከኋላ ክሩ ቀጥ ብሎ ተወጠረ።

"አባዬ?"

"ነይ እይው።"

በክርኗ ተሳበች። ቋጠሮው ቀዳዳው መሐል ቁጭ ብሏል፤ እንደ ቁልፍ በቁልፍ ቀዳዳ። ጆሮው በጀርባው ተጋድሞ ያየዋል፤ ዘይት ያዘለ አቧራ ፊቱ ላይ ወርዶበታል፤ አያብሰውም።

"እኩል ነው" አለች ወፍጮ። "አባዬ፣ እኩል ነው እኮ።"

"አንቺ ንገሪያቸው" አላት። "እኔ ብነግራቸው ጉራ ይሉታል።"

ከሥር ወጥታ ነገረቻቸው። ቋጠሮው የት እንዳረፈ፣ ወለሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ቀጥ ብሎ እንደሚገኝ፣ ክር ደግሞ ደላላ እንዳልሆነ። ጆሮው ተከትሎ ሲወጣ አንድ ነገር ጨመረ፤ ከጎማው ማቀፊያ ሥር ካሉት ብየዳዎች አንዷ ዝገት ጀምሯታል። ማንም አላያትም ነበር። "ይቺ የኔ ናት፤ ዛሬ ፍቄ እደግማታለሁ፤ አትከፍይም" አለ ለእህቱ።

አክስትየዋ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። የግራ ጎኗ ላይ ቆማ እንደ ወንድሟ ጆሮዋን ለጠፈች፤ አንኳኳች፤ ምንም እንዳልገባት ከፊቷ ያስታውቃል።

"ንጹሕ ናት ስትለኝ" አለች፣ "እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነበር። ምንም ያልነካውን ነገር ማን አይቶ ያውቃል? አሁን የት እንደተሰበረች አውቃለሁ፣ ማን እንደጠገናት አውቃለሁ፣ ቤቱንም አውቀዋለሁ። ቢበላሽ ምሳ ላይ መጥቼ እጮህበታለሁ።" ወደ ቅቤው ዞረች። "እወስዳታለሁ። ግን በተገጨ መኪና ዋጋ። ወረቀቱ ላይም ተገጭታ የተጠገነች ብለህ ትጽፋለህ።"

"እመቤቴ፣ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ የሠራትማ እንዲያውም ጭማሪ…"

"ጭማሪው ለባለሙያው ነው ወይስ ለታመመው መምህር?" አለች ወፍጮ።

ቅቤው ጻፈ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፈ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰፈሩ ሰው እስኪሰለቸው ሰምቶታል። ጆሮው ድሮ ሥራው እንዳይታይ ነበር የሚደክመው፤ የባትላሜራ ክብሩ የሠራበት ቦታ አለመታወቁ ነው። አሁን ግን እህቱ ልብሷን ጭና በጋራዡ ባለፈች ቁጥር በእጁ እያስቆመ፣ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል፤ "ይቺ መኪና ተገጭታ ነበር። የቱ ጋ ነው? ንገረኝ" ይላል። ሰው ይዞራል፣ ያንኳኳል፣ ወደ ቀኝ ይጠቁማል። አክስትየዋ "ወንድምዓለም፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋብኝ ነው" ትላለች። እሱ አይሰማም፤ ስሙ ጆሮው መሆኑን ማን ያምናል።

መኪና ሊያስመረምር የሚመጣ ሰው ደግሞ አሁን መጀመሪያ ወደ ስልክ ሱቋ ይላካል። "ቁጥሯን ልጄ ታንብበው፤ ከዚያ እኔ አናግራታለሁ" ይላል፤ "ልጄ" የምትለዋን ቃል ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ጮክ አድርጎ።

አንድ ቀን ከሌላ ሰፈር አንድ አዛውንት ባትላሜራ መጡ። ወሬውን ሰምተው ነው። እጃቸው እንደ ጉጠት የደረቀ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አክስትየዋን አስፈቅደው መኪናዋን በዝግታ ዞሯት። አራቱንም በር፣ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን አንኳኩ። በግራው ጎን ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረው የፊቱን በር ነኩና "እዚህ" አሉ።

ጆሮው ወደ ግራው ጎን ሊያመለክት እጁን አነሳና መለሰው። ያን ሁሉ ቀን ለአላፊ አግዳሚው ሲጮህ የኖረ ሰው፣ የሥራው ሰው ፊት መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀያይር ጀመር። ዓይኑም እርጥብ ነገር ያዘው።

ወፍጮ በመስኮቷ ግማሽ አካሏን አወጣች።

"በግራ ነው አባባ" አለች። "ከኋላ በር ጀምሮ ሙሉውን። የሠራት እሱ ነው፤ አባቴ ነው።"